ስንክሳሩና ታይመሩ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ኮሶዬ ይደርሳል። እዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከአፋፉ ወዲያ ገደልና ቆላ ነው፣ ከወዲህ የገብስ ማሳና ገብሱን ተደብቆ የሚበላ ጭላዳ። ከዚህ በታች የሚነጋገሩትን ሁለት ሰዎች ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፤ የሚያነሡት ጉዳይ ግን የኔ ፈጠራ አይደለም። አንዱ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ፣ ድንችና ገብስም የሚያርሱ መሪጌታ ናቸው። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ናት። ዕፅዋት ሳይንስ ተምራ ቆቃ አበባ እርሻ ሠርታለች፤ አሁን ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ሌሚንግተን በምትባል ከተማ፣ ፈቃድ ባለው የካናቢስ ድርጅት የመብራት ኃላፊ ናት። ለልደት መጥታለች። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሁለቱም ጋቢ ደርበዋል።

መሪጌታ፦ እናትሽ «ልጄ አበባ ታሳድጋለች» ትለኛለች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ሐሺሽ ነው የምታበቅለው» ይላል። የቱን ልያዝ?

የእህት ልጅ፦ ሁለቱም ልክ ነው፣ የኔታ። ከተክሉ የሚፈለገው አበባው ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 17 ቀን 2018 ጀምሮ በሕግ ፈቅዳዋለች። የምሠራበት ድርጅት ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል።

መሪጌታ፦ እዚህስ?

የእህት ልጅ፦ እዚህማ ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚያበቅለውንም የሚያዘዋውረውንም በጽኑ እስራት ይቀጣል። አይስጉ፣ ዘር አላመጣሁም። ሻንጣዬን እናቴ ሁለት ጊዜ ፈትሻዋለች።

መሪጌታ፦ ደግ አደረገች። እኔ ተክሉን አልወደውም፣ ልሸሽግሽም አልችልም። ሥራሽን ግን ልወቅ። ትኮተኩቻለሽ?

የእህት ልጅ፦ አልኮተኩትም። መብራት ነው የማዘው። ተክሉ ያለው መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ፀሐይን አያውቃትም። ስንት ሰዓት እንደሚበራለት፣ ስንት ሰዓት እንደሚጨልምበት የምወስነው እኔ ነኝ። ታይመሩን የምሞላው እኔ ነኝ ማለት ነው።

መሪጌታ፦ አምፖል ለማብራትና ለማጥፋት ነው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው?

የእህት ልጅ፦ እናቴም እንዲሁ ነው ያለችኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ተክሉ ለጋ ሳለ በቀን 18 ሰዓት ብርሃን፣ 6 ሰዓት ጨለማ እንሰጠዋለን። ቅጠልና ግንድ ብቻ ያወጣል፤ አያብብም። ቁመቱ በቃን ስንል ወደ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ እናዞረዋለን። ሳምንት፣ አሥር ቀን አለፍ ሲል እንቡጥ ማውጣት ይጀምራል። ውኃውም ማዳበሪያውም ያው ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

መሪጌታ፦ ቆይ ላስላው። ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ የእናንተ አንድ ሰዓት ሁለት ኬክሮስ ተኩል ይሆናል። መጀመሪያ 45 ለ15፣ ኋላ 30 ለ30። ሁለተኛው እኮ መስከረም ነው! መዓልቱና ሌሊቱ የተካከለበት።

የእህት ልጅ፦ አዎ፣ መስከረምን ነው የምናመጣበት። አበባው የሚመጣው ክረምት ሊገባበት ነው ብሎ በሚያስብበት ጊዜ ነው፤ የነሱ ክረምት ማለቴ ነው፣ በረዶው። ሳይሞት ዘር ማድረስ አለበት። የመጀመሪያው 18 ሰዓት ደግሞ የሰሜን አገር ሰኔ ነው። ስቶክሆልም በሰኔ አጋማሽ ፀሐይዋ 18 ሰዓት ተኩል ያህል አትጠልቅም።

መሪጌታ፦ ስንክሳር ይህን ሁሉ ቆጥሮታል። በየወሩ መግቢያ ላይ የመዓልቱ ሰዓት ተጽፏል። መስከረም 12፣ ጥቅምት 11፣ ኅዳር 10፣ ታኅሣሥ 9። ከዚያ እየጨመረ መጋቢት 12፣ ሰኔ 15 ይደርሳል። ከሰኔ በኋላ መቀነስ ነው። ሄኖክማ ዕለቱን 18 ክፍል አድርጎ፣ ረጅሙን መዓልት 12 ክፍል፣ ሌሊቱን 6 ይለዋል።

የእህት ልጅ፦ ከ18 ክፍል 12ቱ ማለት በኛ ሰዓት 16 ነው። የኔታ፣ ልጠይቅዎ፤ አሁን ታኅሣሥ ነው። ዛሬ የኮሶዬ ቀን 9 ሰዓት ነው?

መሪጌታ፦ (ፈገግ ብለው) ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሣሽ?

የእህት ልጅ፦ ፀሐይ ስትወጣ። ስልኬ ላይ አየሁት፣ 12 ሰዓት ከ47 ይላል። የምትጠልቀው ማታ 12 ሰዓት ከ9። ስደምረው 11 ሰዓት ከ22 ደቂቃ መጣልኝ። ይህ የዓመቱ አጭሩ ቀን ነው። ረጅሙ ሰኔ 14 ነው፤ ያን ቀን ኮሶዬ ላይ 12 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ገደማ ነው። በአጭሩና በረጅሙ መካከል ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ መጽሐፉ ግን 6 ሰዓት ያደርገዋል።

መሪጌታ፦ ይህን አላውቅም ብለሽ ነው? ጥላዬን በእግሬ እየለካሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የጾም ሰዓት ስንጠብቅ ሰዓት ያሰረ ማን ነበር? የታኅሣሥ ቀን ከሰኔ ቀን ያን ያህል እንደማያንስ ማንም ገበሬ ያውቃል። ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ ቁጥሩ አብሮ መጥቷል። ወር በወር አንድ ሰዓት የሚጨምር የሚቀንስ ደረጃ አድርገው ነው የጻፉት። ተማሪ በቃሉ እንዲይዘው።

የእህት ልጅ፦ ስለ መጽሐፉ አልተከራከርኩም። እንዲያውም ሌላ ነገር ልነግርዎ ነው። ሌሚንግተን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 42 ዲግሪ ላይ ናት። ሰኔ ላይ ቀኗ 15 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ 9 ሰዓት ከ5 ደቂቃ።

መሪጌታ፦ አትበይኝ!

የእህት ልጅ፦ የመጽሐፉ 15 ሰዓት ዐረብኛው ለመጣበት ለግብጽም እኮ ትንሽ ይበዛባታል፤ እስክንድርያ ረጅሙ ቀኗ 14 ሰዓት ነው። 15 የሚሆነው እስከ ቁስጥንጥንያ ከፍ ሲሉ ነው። ከዚያ ምዕራቡን ተሻግረው ቢሄዱ እኔ ቤት ይደርሳሉ።

መሪጌታ፦ እንግዲያ እናትሽን እንዲህ በያት፤ «ልጅሽ የምትኖረው ስንክሳሩ በሚቆጥርበት አገር ነው»። ያጽናናታል።

(መሪጌታ ነገሩን በቀልድ ቢያልፉትም ከዚህ ቀላል አይመስለኝም። ቁጥርም እንደ ዘር ካንዱ አገር ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የመጣበትን ሰማይ ይዞ ነው የሚሄደው። የሁለቱ ወሬ ከዚህ ወዲያ የሚዞረው በዚሁ ዙሪያ ነው።)

መሪጌታ፦ አሁን ያልገባኝን ልጠይቅ። እዚህ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው ብለሻል። ይህም ባንዴ አይመጣም፤ በቀን አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ተክል ይህን ያውቀዋል?

የእህት ልጅ፦ ኑግን ይመልከቱ። ወይናደጋው ላይ ሰኔም ይዘሩታል፣ ሐምሌም ይዘሩታል። አባት ኑግ አለ፣ ቡነኝ የሚሉት አለ፤ የሚዘራበት ጊዜ ይለያያል። ዘግይቶ የተዘራው ግን ቁመት ሳይጨርስ ያብባል። ጠብቅ ቢሉት አይጠብቅም። መስከረም አልፎ ሌሊቱ ሲረዝም ሰዓቱ ደርሷል ብሎ ቢጫውን ያወጣል። አጭር ቀን ከሚፈልጉት ተክሎች አንዱ ኑግ ነው። ጤፍም እንዲሁ። ካናቢስም የነሱ ወገን ነው።

መሪጌታ፦ ዝናቡ ስላቆመ አይደለም?

የእህት ልጅ፦ ዝናብም ብርድም ያግዛሉ። ግን ይህን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ለይቶታል። ፓሪስ ውስጥ ዡልየን ቱርኑዋ የሚባል ተመራማሪ ነበር፤ ሄምፕን፣ ማለትም ይኸው ካናቢስን ለቃጫ የሚዘራውን ዓይነት፣ ከጌሾ ጋር ሥራው የሚመሳሰል ለቢራ የሚሆን ሐረግም ጨምሮ በክረምት ግሪንሃውስ ውስጥ ዘራቸው። ገና በእንጭጭነታቸው አበቡ። እ.ኤ.አ. በ1912 ጻፈው። ኋላም ምክንያቱ የቀኑ ማጠር ሳይሆን የሌሊቱ መርዘም ሳይሆን አይቀርም አለ። በ1914 ጦርነት ሞተ፤ ሥራው ዳር አልደረሰም።

መሪጌታ፦ ነፍስ ይማር። ዕውቀት ስንት ጊዜ በጦርነት ተቀጨ።

የእህት ልጅ፦ በ1920 አሜሪካ ውስጥ ጋርነርና አላርድ ጨረሱት። እነሱ የያዙት ትምባሆ ነበር። በጋውን ሙሉ እየረዘመ አላብብ አላቸው። ቀኑ ሳይመሽ ጨለማ ቤት እያስገቡ ጠዋት ሲያወጡት በበጋ አበበ። በ1938 ደግሞ ሃምነርና ቦነር የሚባሉ፣ ልብስ ላይ የሚጣበቀውን እሾሃም አረም ወስደው፣ ረጅሙን ሌሊት መሐል ላይ ለጥቂት ጊዜ ብርሃን አሳዩት። ሳያብብ ቀረ። በቀኑ መሐል ጨለማ ቢያሳዩት ግን ምንም አልሆነም። ተክሉ የሚቆጥረው ሌሊቱን ነው የተባለው ያን ጊዜ ነው።

መሪጌታ፦ እንደ ጾም ነዋ! ቀኑን ሙሉ ጾመሽ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ጉንጭ ወተት ብትጎነጪ ገደፍሽ። የጾምሽው ሰዓት አይቆጠርልሽም።

የእህት ልጅ፦ በትክክል። አሠሪዬ ፊት በእንግሊዝኛ ብዙ ስደክም ከርሜ እንዲህ ባጭሩ አላስረዳሁትም።

መሪጌታ፦ ጨረቃስ? ድቡልቦሽ ስትሆን ኮሶዬ ላይ መርፌ ትለቅሚባታለሽ። እሷ አታስገድፈውም?

የእህት ልጅ፦ ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠው ብርሃን ሁለት ሜትር ርቆ እንደተቀመጠ ሻማ ነው። ለኛ ዓይን ብዙ ነው፣ ለተክሉ ግን አይቆጠርም። እኛን የሚያሰጋን ሌላ ነው። በበር ስር የሚገባ ጭላንጭል፣ የማሽኑ ላይ ያለች አረንጓዴ ነጥብ። እኔ መብራቱ ከጠፋ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እገባና በሩን ዘግቼ እቆማለሁ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ዓይን ሲለምድ ግን ቀዳዳው ሁሉ አንድ በአንድ ይወጣል፤ የቧንቧው ዙሪያ፣ የኬብሉ መግቢያ። እየዳሰስኩ ጥቁር ፕላስተር እለጥፋለሁ። ያን ያላደረገ ሰው አበባው ዘግይቶ ወይም ተመልሶ ቅጠል እያወጣ ያስቸግረዋል።

መሪጌታ፦ ቆቃም ይህን ነበር የምትሠሪው?

የእህት ልጅ፦ ቆቃ ተቃራኒውን። እዚያ ክሪሳንተመም ነበር፤ እሱም አጭር ቀን ፈላጊ ነው። የሚላከው ግን አበባው አይደለም፣ ካቲንጉ ነው፤ ከእናት ተክሉ የሚቆረጠው ለጋ ጫፍ። በአውሮፕላን አውሮፓ ይሄድና እዚያ ሥር ያወጣል። ስለዚህ እናቲቱ ፈጽሞ ማበብ የለባትም። የኢትዮጵያ ቀን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ዙሪያ ነው፤ ማለት ዓመቱን ሙሉ «አብቢ» ይላታል። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ አምፖል እናበራለን። ጥቂት ደቂቃ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል። እንዳሉት ጾሟን እናስገድፋታለን።

መሪጌታ፦ መብራት ሲጠፋስ?

የእህት ልጅ፦ እሱ ነዋ ጭንቁ! ጄኔሬተር አለ። ጄኔሬተሩ እምቢ ያለ ለታ ሰው አይተኛም። ጥቂት ሌሊት ተከታትሎ ከጨለመ እንቡጥ ይዛ ትገኛለች፣ ያ ጫፍ ለካቲንግ አይሆንም። ጽጌረዳ ቤት የሚሠሩ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ጽጌረዳ ለሰዓት ግድ የላትም፣ ሙቀትና ብርሃን ካገኘች ታብባለች።

መሪጌታ፦ አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አንቺ ኃላፊ ነኝ ብለሻል። 18 ለ6፣ 12 ለ12 የሚባለው እንዲህ ከታወቀ ኃላፊ ለምን ያስፈልጋል? ታይመሩ አንዴ ከተሞላ አበቃ።

የእህት ልጅ፦ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። 12 ለ12 ሁሉም ዓይነት ያለ ጥርጥር የሚያብብበት ስለሆነ ልማድ ሆነ እንጂ የተሻለው ነው ተብሎ ተመዝኖ አይደለም። ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በቅርቡ ይህንኑ ጠይቀው ፈተኑት። አንዳንዱ ዓይነት 13 ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ብርሃን እያገኘ ያብባል፤ ብርሃኑ ስለበዛለት ምርቱም ይጨምራል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «የማን ዘር ነው?» ብዬ ነው።

መሪጌታ፦ የዘሩ አገር?

የእህት ልጅ፦ አዎ። ከሰሜን የመጣ ዘር 14 ሰዓት ቀን እንኳ አጠረኝ ብሎ ሊያብብ ይችላል። ከምድር ወገብ አካባቢ የመጣ ዘር ግን ዕድሜውን በ12 ሰዓት ዙሪያ የኖረ ነው። 12 ሰዓት ለሱ የሚያስቸኩል ወሬ አይደለም፤ ቅጠሉን እያወጣ፣ እየረዘመ፣ ጣራ እስኪነካ ያዘግማል። እንዲህ ያለው ሲገጥመኝ ወደ 11 ሰዓት ብርሃን፣ 13 ሰዓት ጨለማ አወርደዋለሁ። አንድ ደግሞ አለ፣ ከሩሲያ በኩል የተገኘ አጭር ዘር፤ እሱ ሰዓት አይቆጥርም፣ ዕድሜው ሲደርስ በ18ም በ20ም ያብባል። ሦስቱን ባንድ አዳራሽ አስገብቶ አንድ ታይመር የሚሞላ ሰው አንዱን ካልጎዳ ሌላውን ይጎዳል።

መሪጌታ፦ ይህስ የድንችን ነገር መሰለኝ። እዚህ የምናበቅለው ድንች አንዳንዱ ቅጠሉ ሳያምር ሥሩ ይቋጥርና ቶሎ ይደርቃል። «ዘሩ አረጀ» እንላለን።

የእህት ልጅ፦ ዘር በበሽታም ይደክማል፤ እሱን አልክድም። ግን የሰዓቱም ጣጣ አለበት። ድንች የአንዲስ ተራራ ልጅ ነው፤ እዚያ ቀኑ እንደኛ 12 ሰዓት ዙሪያ ነው። አውሮፓ ሲወሰድ በረጅሙ በጋ ቅጠል ብቻ ሆነባቸው፤ መኸር ገብቶ ቀኑ ካጠረ በኋላ ነበር የሚቋጥረው። እየመረጡ እየመረጡ ረጅም ቀን ለመዱት። ወደኛ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው፣ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰው እጅ ነው ይባላል። እንግዲህ ረጅም ቀን የለመደ ድንች እንደገና አጭር ቀን ውስጥ ሲገባ ይቸኩላል። ቅጠሉን ሳይጨርስ መቋጠር ይጀምራል።

መሪጌታ፦ ምስኪን! ሁለት ጊዜ ተሰደደ።

የእህት ልጅ፦ የኛ ዘንጋዳና ማሽላስ? አሜሪካኖች የኢትዮጵያን ማሽላ ለበሽታ መቋቋሙ፣ ለፍሬው ጥራት ይፈልጉታል። ቴክሳስ ላይ ሲዘሩት ግን በጋው ረጅም ስለሆነ ውርጭ እስኪመጣበት ድረስ አገዳ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲና የግብርና መሥሪያ ቤታቸው አንድ ሥራ ጀመሩ። ቀኑ አጭር በሆነበት ወራት ፖርቶ ሪኮ ላይ ያዳቅሉታል፤ ዘሩን ቴክሳስ ወስደው ቶሎ የሚያፈራውንና አጭሩን ይለቅማሉ፤ ደግሞ ይመልሱታል። ዘመናት ፈጀባቸው። እንግዲህ እነሱ ተክሉን ሰዓት አስረሱት፣ እኔ ደግሞ ለተክሉ ሰዓት እሠራለታለሁ። የኔ ይቀላል፤ ግን መብራት ይበላል።

መሪጌታ፦ ስለ መብራቱ ንገሪኝ። 24 ሰዓት ሙሉ ብታበሩለት ቶሎ አያድግም?

የእህት ልጅ፦ ለጋው 24 ሰዓትም ይችላል፤ የሚያበሩለት አሉ። ከ18 በላይ የሚጨምረው ግን የሚበላውን ኤሌክትሪክ ያህል አይደለም። ደግሞ ሰዓት ብቻውን ምንም አይደለም፣ የኔታ። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሌሊቱ፣ እሱ «አብብ አታብብ» የሚለውን ነው የሚነግረው። ሁለተኛው በቀን ውስጥ የገባው የብርሃን ድምር ነው፤ የሚያወፍረው እሱ ነው። ከ18 ወደ 12 ሳዞረው የብርሃኑን ሲሶ ቀማሁት ማለት ነው፤ አምፖሉን ካላጠነከርኩለት ይከሳል። ብዙ ጀማሪ ሰዓቱን ያስተካክልና ይህን ይረሳል። ቀጭን አበባ ይዞ «ዘሩ ነው» ይላል።

መሪጌታ፦ እኛም ዘሩ ነው ነው የምንለው። ኮሶዬ ሐምሌ ላይ ቀኑ ረጅም ነው፣ ግን ጉም ነው። ገብሱ ጥቅምት ላይ ነው ፀሐይ የሚጠግበው።

የእህት ልጅ፦ አዩ? ረጅሙ ቀን የግድ ብዙ ብርሃን ያለው ቀን አይደለም።

መሪጌታ፦ አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ቡሄ ለታ፣ ነሐሴ 13፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደመናው ከገለጠልሽ ጥላሽን ፈልጊው። አታገኝውም፤ እግርሽ ስር ገብቷል። ፀሐይ አናታችን ላይ የምትቆምበት ነው። አንዴ ሚያዝያ መሐል፣ አንዴ ቡሄ።

የእህት ልጅ፦ ልክ ነው፣ በዚህ ዲግሪ ላይ በቡሄ ሰሞን ነው የሚውለው። ሌሚንግተን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ አታውቅም።

መሪጌታ፦ መብራቱንስ ቀን ላይ ታበሩታላችሁ፣ ሌሊት?

የእህት ልጅ፦ የኛ ክፍል ቀኑ የሚጀምረው ማታ 1 ሰዓት ነው። ኦንታሪዮ ላይ ማታ የመብራት ዋጋ ይቀንሳል። አምፖሉም ይሞቃል፤ ውጭው ሲበርድ አዳራሹን ማቀዝቀዝ ይቀላል። ስለዚህ ሰው ሲተኛ ይበራል፣ ጠዋት ሰው ሲነሣ ይጨልማል። እኔም ከተክሉ ጋር ነው የማድረው።

መሪጌታ፦ ቀንና ሌሊቱን ገለበጣችሁት! ጎረቤት ምን ይላል?

የእህት ልጅ፦ ጎረቤትማ አልቻለም። የከተማዋ ዙሪያ ግሪንሃውስ ነው፤ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ካናቢስ። ሌሊት ሰማዩ ብርቱካንማና ሐምራዊ ይሆናል። ነዋሪው ከዋክብት ማየት አቃተን ብሎ ጮኸ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ጣራና ግድግዳው በመጋረጃ ይከለል የሚል ደንብ አወጣ። ሰው ለተክሉ ጨለማ ሲጠብቅ የራሱን ጨለማ ተነጠቀ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሥራዬን ብዙም አልኮራበትም።

መሪጌታ፦ አንዱን ደግሞ ሰምቼ የማላምነው አለ። ይህ ሐሺሽ ዱሮም እዚህ አገር ነበር የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው?

የእህት ልጅ፦ ስም ማጥፋት አይደለም፣ ተጽፏል። ጣና አካባቢ፣ በጌምድር ውስጥ ላሊበላ ዋሻ የሚባል አለ፤ ውቅሮቹ ካሉበት የተለየ ነው። ዶምብሮቭስኪ የተባለች የቁፋሮ ተመራማሪ ቆፍራው ነበር። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ የመሳሰለ የጥንት ፍሬ አገኘች። ከላይኛው ንብርብር ደግሞ የሸክላ የማጨሻ ጋያ ወጣ። ቫን ደር መርዌ የሚባል ሰው ውስጡ የቀረውን ጥላሸት መርምሮ የካናቢስ ምልክት እንዳገኘ በ1975፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አሳተመ። ዕድሜው እ.ኤ.አ. 1320 ገደማ ነው።

መሪጌታ፦ የዓምደ ጽዮን ዘመን! እዚህ በቅሎ ነው?

የእህት ልጅ፦ መጨሱን ነው ጋያው የሚናገረው። ነጋዴም ይዞት ሊመጣ ይችላል። ግን እዚህ ተዘርቶ ከነበረ ማንም አምፖል አላበራለትም። ዓመቱን ሙሉ የኛ ሰማይ የሚሰጠው በ11 ሰዓት ከ22 ደቂቃና 13 ሰዓት ባልሞላ መካከል ነው። እኛ ስንት ሺህ ዶላር ከፍለን አዳራሽ ውስጥ የምንሠራው ያን ነው፤ የኮሶዬን ሰማይ ካናዳ ውስጥ።

መሪጌታ፦ ይብቃ፣ ልጅ ሰምቶ እንዳይሞክር። ሌላ ነገር ላማክርሽ። ጎንደር ልጄ ግቢ አጥሩ ላይ የተተከለ ዛፍ አለ፤ ታኅሣሥ ላይ ጫፉ ያለው ቅጠል ደም የሚመስለው። ለልደት ለጥምቀት የሚያምር። ዘንድሮ አየሽው?

የእህት ልጅ፦ አየሁት። በመንገዱ በኩል ያለው ቀልቷል፤ በበሩ በኩል ያለው አረንጓዴ ነው።

መሪጌታ፦ አንድ ዛፍ ግማሹ ለምን ይቀላል፣ ግማሹ ለምን እምቢ ይላል? ልጄ ውኃ ጨመረችለት፣ ፍግ ጨመረችለት። አመድ ሳይቀር።

የእህት ልጅ፦ በበሩ ላይ አምፖል አለ፣ የኔታ። ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ነው የሚያድረው። ያም ተክል ሌሊት ቆጣሪ ነው፤ በበሩ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ሌሊት አልጨለመለትም። ከመስቀል በኋላ ማታ ማታ ያጥፉት፣ ወይም ፊቱን ከዛፉ ያዙሩት። የሚቀጥለው ታኅሣሥ ሁሉም ይቀላል።

መሪጌታ፦ ያጥፉት? አምፖሉ እኮ የተተከለው ባለፈው ዓመት በጎቹ ከተሰረቁ በኋላ ነው።

የእህት ልጅ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

መሪጌታ፦ አይቅላ!